ቱርክ መድፏ ሲደክም የተማረችው ሙያ

ቡራዩ ላይ ቡና ተፈልቶ የፖለቲካ ወሬ ከተነሳ፣ «ግን ቱርክ በእኛና በሶማሊያ መሀል ምን አግብቷት ነው ሽማግሌ የሆነችው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። መልሱ የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ነው፤ እኛም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አለንበት። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ለማየት እንዲመች «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ከአንድ እንግዳ ነገር እንነሳ። የኦቶማን መንግሥት በጉልበቱ ዘመን ውጭ አገር የሚቀመጥ አምባሳደር አልነበረውም። ፈረንሳዩም፣ ቬኔሲያዊውም፣ እንግሊዙም ኢስታንቡል መጥተው ደጅ ይጠናሉ እንጂ ሱልጣኑ መልክተኛ የሚልከው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ሰውየው ይመለሳል። የመጀመሪያው ቋሚ ኤምባሲ ለንደን ላይ የተከፈተው በ1793፣ በሱልጣን ሰሊም ሦስተኛ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሚናገርለት ጦሩ ነበር።

ያንን ጦር አባቶቻችን በቅርብ አይተውታል። ኦቶማኖች በ1517 ግብፅን ከያዙ በኋላ ቀይ ባሕር ላይ ብቅ አሉ። ለኢማም አሕመድ ነፍጠኞች ላኩ፤ በ1542 ወፍላ ላይ የፖርቱጋሉ አዛዥ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የተሸነፈው በእነዚያ ነፍጦች ኃይል ነው። በ1557 ደግሞ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ፤ ከተማዋም «ሐበሽ» በሚባለው የኦቶማን ግዛት ሥር ገባች። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመድፉ ይልቅ የባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ ነገር ነው። ይስሐቅ መጀመሪያ ቱርኮችን አጥብቆ ተዋጋ፤ ኋላ ከአፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ሲጣላ ከእነሱው ጋር ወገነ። ቱርኮቹ በእኛ መሀል የተፈጠረውን ስንጥቅ አይተው ገቡበት። በ1570ዎቹ ማብቂያ ሠርፀ ድንግል ሁለቱንም በአንድነት ድል አደረጋቸው፤ ይስሐቅም የቱርኩ ፓሻም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኦቶማኖች ደጋውን ትተው የባሕሩን ጠረፍ ቀስ በቀስ ናይብ ለሚባሉት የሕርጊጎ ሹማምንት አስረከቡ።

አሁን ወደ ኢስታንቡል እንመለስ፤ ዲፕሎማሲው የሚወለደው ጉልበቱ ሲደክም ነውና። በ1699 በካርሎቪትስ ውል ኦቶማኖች ሰፊ የአውሮፓ ግዛታቸውን ፈርመው ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ መደራደር ግዴታ ሆነ፤ ችግሩ የሚደራደርለት ሰው አለመኖሩ ነው። የቤተ መንግሥቱ ዋና አስተርጓሚዎች ለረጅም ዘመን ከኢስታንቡል የግሪክ ታላላቅ ቤተሰቦች ይመረጡ ነበር። በ1821 ግሪኮች ሲያምፁ ዋናው አስተርጓሚ በሞት ተቀጣ፤ መንግሥቱም በድንገት አፍና ጆሮ አጣ። ያን ጊዜ የትርጉም ቢሮ የሚባል ክፍል ተከፍቶ ወጣት የመንግሥት ጸሐፊዎች ፈረንሳይኛ ይማሩ ጀመር። በኋላ ግዛቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ዓሊ ፓሻና ፉአድ ፓሻ ከዚያች ቢሮ የወጡ ናቸው። ይህ ቢሮ ከብዙ ጦርነቶች የበለጠ መታወስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋ መማር ግን የቆዩትን ውሎች አላፈረሰም። ሱልጣኖቹ በብርታታቸው ጊዜ ለአውሮፓ ነጋዴዎች በችሮታ የሰጡት መብት ነበር፤ ፈረንጁ ሲከሰስ በቆንስሉ ፊት፣ በአገሩ ሕግ ይዳኛል። ግዛቱ ሲዳከም ይህ ችሮታ አንገቱ ላይ ገመድ ሆነበት። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1908 ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል አምሳያውን አዲስ አበባ አምጥቶታል። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ዳኛው ከቆንስሉ ጋር ይቀመጣል፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረዳል። ሌሎቹም አገሮች «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባል» ብለው ያንኑ መብት ወሰዱ። ልዩ ፍርድ ቤት የተባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ቱርኮች ገመዱን የበጠሱት ሎዛን ላይ ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ተሸንፈው፣ ግዛታቸው ተበጣጥሶ፣ ከዚያ በሙስጠፋ ከማል መሪነት እንደገና ተዋግተው በ1922 መጨረሻ ለድርድር ተቀመጡ። ተደራዳሪያቸው ኢስመት ፓሻ ወታደር ነበር፤ ጆሮውም በደንብ አይሰማም። የእንግሊዙ ሎርድ ከርዘን ያንን ሁሉ የንግግር ጥበብ ሲያፈስበት ሰውየው ረጋ ብሎ ያንኑ የመጀመሪያ አቋሙን ይደግማል። ጉባኤው አንድ ጊዜ ፈርሶ እንደገና ተቀመጠ። ሐምሌ 17 ቀን 1915 በእኛ አቆጣጠር ውሉ ተፈረመ፤ ያ የቆንስል ዳኝነትም ቀረ። በሁለት ወር ልዩነት፣ አሁንም በእኛ አቆጣጠር በ1916 የመስቀል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ሁለቱም በአንድ መንፈቅ ውስጥ እንደ እኩል መንግሥት ለመቆጠር የታገሉ ናቸው። ቱርክ በ1926 አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ መክፈቷን የማየው በዚህ ዓይን ነው፤ ከሰሐራ በታች የከፈተችው የመጀመሪያው ኤምባሲ ነው።

ሎዛን ግን አንድ ጎዶሎ ትቶ ነበር። የዳርዳኔልስና የቦስፎር ወሽመጦች የቱርክ መሬት ሆነው ሳለ ቱርክ ጦር እንዳታሰፍርባቸው ተከለከለች። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር አንካራ እንቅልፍ አጣች፤ ጣሊያን የቱርክን ጠረፍ የሚያዩትን የዶዴካኔዝ ደሴቶች ይዛለችና። ቱርክ ጣሊያን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ተሳተፈች። በኦጋዴን ግንባር ከደጃዝማች ነሲቡ ጎን የቆመው ዌሂብ ፓሻም ጋሊፖሊ ላይ ያዘዘ የኦቶማን ጄኔራል ነው፤ እሱ ግን ከአንካራ የተላከ አልነበረም፤ ከአታቱርክ ጋር ተጣልቶ በስደት ይኖር ነበር።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱ። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 15 ቀን 1928 ሞንትሮ ላይ ስለ ወሽመጦቹ ጉባኤ ተከፈተ። ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያንን ንግግር አደረጉ። ሁለቱ ከተሞች ያሉት በአንድ ሐይቅ ዳር ነው፤ ርቀታቸው ከቡራዩ እስከ አምቦ ቢሆን ነው። ሐምሌ 13 ቀን ቱርክ ወሽመጦቿን መልሳ የማስታጠቅ መብት በፊርማ አገኘች፤ ጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን ከዚያ በፊት ተነስቶ ነበር። እኛ በሕግ ተማምነን ተከዳን፤ ቱርክ በዚያው ወር በሕግ አተረፈች።

ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ቢሆንም አካሄዳቸውን ማየት ይገባል። ሂትለር በዚያው ዓመት መጋቢት ራይንላንድ ጦር ሲያስገባ ማንንም አልጠየቀም። ቱርክ ግን ሚያዝያ ላይ ለፈራሚዎቹ ሁሉ ደብዳቤ ጽፋ «ሁኔታው ተለውጧልና ውሉን እናሻሽል» አለች። እንግሊዝ በሜዲትራኒያን ጣሊያንን ስለፈራች የቱርክን ወዳጅነት ፈልጋ እሺ አለች። በእኛ ላይ የደረሰው ግፍ ለቱርክ በር ከፈተላት፤ እሷም ጊዜውን በትክክል አነበበች። ያ የሞንትሮ ውል ዛሬም ይሠራል፤ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ቱርክ ወሽመጦቹን ለጦር መርከቦች የዘጋችው በእሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ኮሪያ ላይ የቱርክ ብርጌድና የእኛ ቃኘው ሻለቃ በአንድ ባንዲራ ሥር ተዋጉ፤ በ1952 ቱርክ ኔቶ ገባች፤ ለአሥርት ዓመታትም ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። ወደ አፍሪካ የተመለሰችው በ2005 ነው። ያን ዓመት «የአፍሪካ ዓመት» አለችው፤ ኤርዶዋንም መጋቢት ላይ አዲስ አበባ መጡ። እዚሁ ሸገር ዙሪያ ምልክቱን ማየት ይቻላል፦ ሰበታ አካባቢ፣ ዓለም ገና ላይ በ2010 የተመረቀው አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቱርክ ባለሀብት ንብረት ነበር፤ ክሩን ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ሰፍቶ ለጀርመን ገበያ ይልክ ነበር። ኋላ በብድር ምክንያት ወደ ልማት ባንክ እጅ ገብቷል። ዲፕሎማሲ እስከ ፋብሪካ ደጅ ሲደርስ ፍሬውም ዕዳውም የሰፈር ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ሽምግልናው እንግዲህ። ቱርክ ገለልተኛ አይደለችም። ሞቃዲሾ ላይ ከ2017 ጀምሮ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ አላት፤ ከእኛም ጋር በ2021 የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራርማለች። መካከል መቆም የቻለችው ከሁለቱም ጋር ጥቅም ስላላት ነው፤ ለእኔ ይህ ከገለልተኛነት የበለጠ ሽማግሌን ሥራ ላይ ያቆያል። በነሐሴ 2024 የድርድር ዙር ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ሳይገናኙ የቱርኩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃካን ፊዳን መሀላቸው ይመላለሱ ነበር። ሦስተኛው ዙር ቀረ፤ ከዚያ ኤርዶዋን ራሳቸው ያዙት። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 በእኛ አቆጣጠር፣ ምሽቱ ገፍቶ፣ የአንካራ መግለጫ ወጣ። ኢትዮጵያ አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር መዳረሻ እንድታገኝ፣ ይህም በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንዲሆን ይላል። የፊተኛውን ሐረግ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ፣ የኋለኛውን የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ የሁለቱን ሐረጎች ልክ የሚወስነው ዝርዝር ድርድር የካቲት ላይ እዚያው አንካራ ተጀመረ።