የበይነ መረብ ሱቅ ሙያዊ ቃላት፦ ከዕቅድ እስከ ርክክብ

ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲገናኙ የቃልን ጉድለት ዓይንና እጅ ይሞሉታል። ገዢው ጥለቱን አይቶ፣ ጨርቁን ዳስሶ፣ በዋጋው ተከራክሮ ይወስናል፤ ያልገባውንም እዚያው ይጠይቃል። በበይነ መረብ በሚካሄድ ንግድ ግን ገዢው ከሥዕልና ከጽሑፍ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ በገበያ መካከል በሣቅ የሚታለፍ የቃል መደበላለቅ በዚህ ዓይነቱ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያካስሳል። በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ የበይነ መረብ ሱቅ የማቋቋምን ሥራ በየደረጃው እየተከተልን፣ ለእያንዳንዱ ተግባር የሚስማማውን ቃልና ቃሉ የሚያስከትለውን ግዴታ እንመረምራለን። በምሳሌነትም በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሽመና ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሱቅ ለመክፈት ቢያቅድ የሚገጥመውን እንወስዳለን።

1. ስለ ሱቁ ስያሜ

«በይነ መረብ» በግዕዝ «መካከል» የሚል ትርጉም ካለው «በይነ» እና ከ«መረብ»፣ «ድረ ገጽ» ደግሞ ከ«ድር» እና ከ«ገጽ» የተጣመሩ ናቸው። ሁለቱም በጽሑፍ ቋንቋ ስለ ተለመዱ የሚነቅፋቸው ምክንያት የለም። «የመስመር ላይ ሱቅ» የሚለው ግን ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። በአማርኛ «መስመር» ሲባል አስቀድሞ በአእምሮ የሚመጣው የስልክ መስመር፣ የደብተር መስመር ወይም የመኪና መንገድ ነውና፣ ሐረጉ ሳይብራራ አይገባም።

«ሱቅ» ከዐረብኛ የተወረሰ ቃል ነው። በምንጩ ቋንቋ ገበያ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ጠብቦ የአንድ ነጋዴ መሸጫ ሆኗል። ይህ ጠባብነት ይጠቅመናል። አንድ ነጋዴ ብቻ የሚሸጥበትን «የበይነ መረብ ሱቅ»፣ ብዙ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበትን «የበይነ መረብ ገበያ» ብንል ገዢው ከማን ጋር እንደሚዋዋል ከስያሜው ይረዳል። ሱቅ ያለ ቤት ሊኖር አይችልም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ «ሱቅ በደረቴ» የሚለው የቆየ አጠራር በቂ መልስ ነው።

2. ስለ ዕቅድ

የመጀመሪያው የዕቅድ ጥያቄ የዋጋ ነው። ነጋዴው አንዱን ነጠላ ከሸማኔው በ1,200 ብር ገዝቶ በ1,700 ብር ቢሸጠው፣ የ500 ብሩ ልዩነት «ያልተጣራ ትርፍ» ይባላል። ለማሸጊያ 50 ብር፣ ለማጓጓዣ 150 ብር ካወጣ «የተጣራ ትርፉ» 300 ብር ነው። በደፈናው «ትርፍ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ጀማሪውን ነጋዴ በሌለ 200 ብር ያታልለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የዕቃው መኖር ነው። «ክምችት» የሚለው ቃል ለተከማቸ ዕቃ ብቻ ይስማማል፤ ገና ድሩ ላልተደወረ ቀሚስ አይሆንም። በገጹ ላይ «በእጅ ያለ» እና «በትእዛዝ የሚሠራ» የሚሉት ሁለት ሐረጎች ቢለዩ ገዢው የሳምንታት መጠበቅን ተዘጋጅቶበት ይገባል። መጠንም እንዲሁ ነው። «ክንድ» እንደ ሰዉ ክንድ ስለሚለያይ በሜትር ካልተተካ፣ ቢያንስ በሜትር መደገፍ አለበት።

ሦስተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 በርእሱ እንኳ ሁለት ነገሮችን ይለያል። «ምዝገባ» የነጋዴው በመዝገብ መግባት ሲሆን፣ «ፈቃድ» የተወሰነውን ሥራ እንዲሠራ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሁለቱን በአንድ «ፈቃድ» ማጠቃለል ግማሹን ግዴታ ይሰውራል።

3. «ተቀብለናል» ስለሚለው ቃል

ገዢው የመረጣቸውን ዕቃዎች የሚያኖርበትን ቦታ አንዳንድ ትርጉሞች «ጋሪ» ይሉታል። በእኛ ገበያ ጋሪ ፈረስ የሚጎትተው ነው፤ ሸማች የሚይዘው ዘንቢል ነው። ስለዚህ «ወደ ዘንቢል ጨምር» ማለቱ ይሻላል። ይህ ግን የለዛ ጉዳይ ነው፤ የሚከተለው ከዚያ ይከብዳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝርን መላክ ወይም መለጠፍ፣ ዕቃንም ለሕዝብ ማሳየት የውል ሐሳብ ማቅረብ አለመሆኑን ይደነግጋል። በዚህ መሠረት በገጹ ላይ የታየው ነጠላ ገና ማሳያ ነው። ሐሳብ አቅራቢው የሚያዘው ገዢ ሲሆን፣ ውሉም የሚጸናው ሻጩ ሲስማማ ነው። ችግሩ የሚነሣው ሻጩ በሚልከው መልስ ላይ ነው። «ትእዛዝዎን ተቀብለናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሁለት ፍች አለው፤ «ደርሶናል» ማለትም «ተስማምተናል» ማለትም ይሆናል። ነጋዴው የመጀመሪያውን ሲያስብ ገዢው ሁለተኛውን ሊያነብ ይችላል። ነጠላው አልቆ ቢገኝ ውል አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር በዚህ አንድ ግሥ ላይ ይንጠለጠላል። ስለሆነም ለመጀመሪያው «ትእዛዝዎ ደርሶናል»፣ ለሁለተኛው «ትእዛዝዎን አጽድቀናል» እንዲባል እንመክራለን።

«ሒሳብ»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ ስሌትን፣ በባንክ የተቀመጠን ገንዘብና ለአስተናጋጅ የሚከፈልን ዕዳ በአንድነት ይሸከማል። ገዢውን «ሒሳብ ይክፈቱ» ብሎ መጋበዝ ከባንክ ጋር ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ለደንበኛው ስምና አድራሻ «የደንበኛ መዝገብ» የተሻለ ነው።

4. ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ

በትእዛዝ ለሚሠራ ቀሚስ ነጋዴው የዋጋውን ከፊል አስቀድሞ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህን ገንዘብ ምን ብሎ ይጥራው? ብዙዎች «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚሉትን ያለ ልዩነት ይጽፋሉ። በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ጠባይ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ 500 ብር «ቀብድ» የተቀበለ ነጋዴ ሥራውን ቢተው 1,000 ብር ሊከፍል ነው። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከዋጋው ቀድሞ የተከፈለ ክፍል ብቻ ነው። የቃሉ ምርጫ የነጋዴው ነው፤ ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ቃላት መዝግቦ ምርጫውን መንፈግ ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና የተርጓሚ ጥፋት ይሆናል።

5. ከመላክ እስከ መመለስ

«በ3 ቀን ውስጥ ይላካል» እና «በ3 ቀን ውስጥ ይደርሳል» የተለያዩ ተስፋዎች ናቸው። «መላክ» ዕቃው ከሻጩ እጅ የሚወጣበት፣ «ማድረስ» ወደ ገዢው ቦታ የሚገባበት፣ «ማስረከብ» ደግሞ በገዢው እጅ የሚገባበት ተግባር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2266 ሽያጭን ሲተረጉም በሻጩ ላይ የሚጥለው ግዴታ ዕቃውን ማስረከብና ባለሀብትነቱን ማስተላለፍ ነው። በመሆኑም ለመጨረሻው ደረጃ «ርክክብ» የሚለው ቃል ሊተካ አይገባውም።

«መመለስ»ም እንዲሁ ባለቤቱ መለየት አለበት። «በ7 ቀን ውስጥ ይመለሳል» ሲባል የሚመለሰው ልብሱ ነው ወይስ ገንዘቡ? ለመጀመሪያው «የዕቃ መመለስ»፣ ለሁለተኛው «የገንዘብ ተመላሽ»፣ በሌላ ዕቃ ለሚተካው «ለውጥ» ቢባል ሦስቱም ይለያሉ።

ቀንና ሰዓትም የውል አካል ናቸው። «በ3 ሰዓት ውስጥ» እና «በ3 ሰዓት» በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ። ገዢው በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ቢሆን የ3 ሰዓቱ አቆጣጠር የማን እንደ ሆነ፣ «5/1» ተብሎ የተጻፈው ቀንም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደ ሆነ አያውቅም። ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ ዓመቱም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይባል።

6. ስለ ፊደል

የሞክሼ ፊደላት ነገር በአካዳሚያችን ሙያተኞች ዘንድ የቆየ ክርክር ነው፤ በበይነ መረብ ሱቅ ግን የሽያጭ ጉዳይ ሆኗል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ስለዚህ የፍለጋው ሥርዓት ልዩ ዝግጅት ካልተደረገለት፣ በገጹ ላይ «የሐር ጥለት» የተባለውን «የሀር ጥለት» ብሎ የሚፈልግ ገዢ አያገኘውም፤ ዕቃው ሳለ የለም ይባላል። ነጋዴው ለገጹ አንድ ወጥ አጻጻፍ ይምረጥ፤ የፍለጋው መዝገብ ግን ሞክሼዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ይቍጠር።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ገበያው አስቀድሞ ያለው ቃል ይመርመር፤ ዘንቢል፣ ቀብድና ርክክብ ፍለጋ አያሻቸውም። ሁለተኛ፣ ገበያው ለማያውቀው ነገር በግዕዝ ጥምረት ወይም በውሰት ስያሜ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ አንድ ቃል ሁለት ግዴታዎችን የሚሸከም ከሆነ፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ በውል ጽሑፍ ውስጥ ይከፈል። ስያሜን በውበቱ ብቻ መመዘን ለዚህ ሙያ አይበቃም፤ ሻጩም ገዢውም ቃሉን አንብበው ስለ ራሳቸው ግዴታ አንድ ዓይነት ነገር ከተረዱ፣ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ተርጓሚዎችም በየዕለቱ የሚገጥሟቸውን ሌሎች ባለ ሁለት ፍች ቃላት ከነዐረፍተ ነገራቸው ቢልኩልን፣ በሚቀጥሉት ዝርዝሮች ለመመርመር ዝግጁ ነን።