«ሲምፓቲ» በሂዩምና በስሚዝ፤ ስለ አማርኛ ስያሜው የቀረበ አስተያየት

ዴቪድ ሂዩም (1711–1776) እና አዳም ስሚዝ (1723–1790) በስኮትላንድ የተወለዱ፣ የቅርብ ወዳጆች የነበሩ የሥነ ምግባር ፈላስፎች ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው በጎውን ከክፉው ሲለይ ስሜት ዋና ድርሻ እንዳለው ሁለቱም ይስማማሉ፤ የሁለቱም ትምህርት በ«ሲምፓቲ» ላይ ያርፋል። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ፈጥኖ የሚመጣው «ርኅራኄ» ወይም «ሐዘኔታ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍቺ ሐሳባቸውን ለምን እንደሚያዛባ ማስረዳትና ምትክ ስያሜ ማቅረብ ነው።

ስሚዝ በ1759 በታተመው «የሥነ ምግባር ስሜቶች ንድፈ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ለሌላው ሐዘን ማዘን የራሱ ስም እንዳለው ጠቅሶ፣ «ሲምፓቲ»ን ግን ለማንኛውም ስሜት እንደሚጠቀምበት ይናገራል። በአማርኛ ግን ሠርግ ቤት ገብቶ ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ደስ ያለውን ሰው «ራራ» አንለውም።

ሁለቱ የሚለያዩት ስሜት ከሰው ወደ ሰው በሚደርስበት መንገድ ነው። ሂዩም በ1739 እና በ1740 ባሳተመው «ስለ ሰው ተፈጥሮ» በተባለው ድርሳኑ፣ እኩል የተወጠሩ አውታሮች አንዱ ሲነካ ሌሎቹም እንደሚንቀጠቀጡ ሁሉ ስሜትም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል ይላል። ስሚዝ በበኩሉ የሌላው ስሜት በቀጥታ አይደርሰንም፤ በሐሳባችን ራሳችንን በእርሱ ቦታ አስቀምጠን እንረዳዋለን ይላል።

ልዩነቱን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር በሚኖር ለቅሶ መመልከት ይቻላል። ሟቹን እምብዛም የማያውቅ ሰው ሙሾ ሲወርድ፣ ሕዝቡም ሲያለቅስ ሰምቶ እንባው ይመጣል። ሐዘኑ የተጋባበት ከአልቃሾቹ ነውና ይህ ለሂዩም ሐሳብ ምሳሌ ይሆናል። ሌላው ደግሞ አባቱ የሞተበት ሕፃን ነገሩን ሳያውቅ በደጅ ሲጫወት አይቶ ያለቅሳል። ሕፃኑ አላዘነም፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚጋባ ሐዘን የለም። ሰውየው ያለቀሰው በሕፃኑ ቦታ ሆኖ የሚመጣበትን ችግር ስላሰበ ነው። ስሚዝ ላበደና ለሞተ ሰው ሳይቀር የምናዝነው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያስረዳል።

ከዚህ ተነሥቶ ለሂዩም «ተጋቦት»፣ ለስሚዝ «ተካፋይነት» ብሎ ሁለት ስያሜ መስጠት ተገቢ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ የተከራከሩት በአንድ ቃል ነው። ሂዩም በሐምሌ 1759 ለስሚዝ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሲምፓቲ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ ሆስፒታል ከዳንስ ግብዣ የበለጠ አስደሳች ስፍራ ይሆን ነበር ሲል ተቃወመ። ስሚዝም በ1761 በወጣው ሁለተኛ እትም፣ የተካፈልነው ስሜት መራራ ሊሆን እንደሚችል፣ ደስ የሚያሰኘው ግን የሁለቱን ልብ መስማማት መገንዘቡ እንደሆነ መለሰ። ቃሉ በሁለት ስያሜ ከተከፈለ ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱ ስለ ተለያየ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። «ርኅራኄ» ከተባለም የደስታው ወገን ይጠፋል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ወደ ሐዘንም ወደ ደስታም የማያዘነብል፣ ሁለቱንም ፈላስፎች የሚያስተናግድ አንድ ስያሜ ነው። ለዚህም ከግዕዝ የመጣውና «ተሳተፈ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው «ሱታፌ» ይስማማል፤ ግስ ሲያስፈልግ «በስሜት ተሳተፈ» ማለት ይቻላልና። አፈታቱም እንደሚከተለው ቢሆን፦

ሱታፌ ስሜት፤ ስም። የሌላውን ሰው ስሜት፣ ሐዘንም ሆነ ደስታ፣ መካፈል። ሀ) በሂዩም፣ ስሜት ከሰው ወደ ሰው በመጋባት የሚገኝ፤ ለ) በስሚዝ፣ ራስን በሌላው ሁኔታ ውስጥ አድርጎ በማሰብ የሚገኝ።

«ርኅራኄ» ግን ለተቸገረና ለተጎዳ ሰው ማዘንን ብቻ እንዲያመለክት በቀድሞ ቦታው ይቆይ። ይህ ከሆነ ተርጓሚው ሁለቱን ስያሜዎች ሳያምታታ፣ ስሚዝ ራሱ የለያቸውን በአማርኛም ለይቶ ለማስቀመጥ ይችላል።