እረኛው ልጅ ለምን ይዘነጋል?

የሞላሌ ገበሬዎች ሆይ! የ7 ዓመት ልጃችሁን ጨዋታ አታሎት በጎቹ የጎረቤት ገብስ በሉ እንበል። ልምጭ አነሳችሁ። ቆዩ፣ እስቲ መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

ወይፈን በአንድ ቀን የእርሻ በሬ አይሆንም። ሰውም እንዲሁ ነው። ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል ያለው ከግንባራችን በስተጀርባ ነው። ከብዙዎቹ የአንጎል ክፍሎች ዘግይቶ ይበስላል። ልጅ ከ3 እስከ 6 ዓመቱ «ተው» ሲሉት መተውን ይለምዳል። ሲጎረምስ ይሻሻላል፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ሲያዩት ወይም ሲናደድ ልጓሙ ይላላል። ብስለቱ እስከ 25 ዓመት ገደማ ይቀጥላል። እኔ ጸሐፊያችሁ 20 ዓመቴ ነው፤ ገና ወይፈን ነኝ ማለት ነው!

ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጡት፤ «ከጅረቱ አታሻግራቸው» በሉት። የሰማውን መልሶ ይንገራችሁ። ማሳ ዳር ሲያግድ ታላቁ አብሮት ይዋል። አኩኩሉም ይጫወት፤ ዓይን ጨፍኖ መቆየት፣ ተደብቆ ዝም ማለት ራስን የመግታት ልምምድ ነው።

ዱላ ያስፈራዋል እንጂ አንጎሉን አያበስለውም። ልጁ ራሱን መግታት ገና አልቻለም። እናንተ ግን ትችላላችሁ። ልምጩን አስቀምጡት።