«ሥነ ሕይወት» የት ገባ? ስልካችሁ የጻፋችሁትን ለምን አያገኘውም?

ዳምቦያ ያለ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ብሔራዊ ፈተናውን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ወስደዋል፤ ልጁ ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስለ ሴል ክፍፍል የጻፈውን ማስታወሻ ሊከልስ ስልኩ ላይ «ስነ ህይወት» ብሎ ፈለገ። ምንም የለም። አጥፍቼው ይሆን? አላጠፋውም። አምና ፋይሉን «ሥነ ሕይወት» ብሎ ሰይሞት ነበር።

እኛ ስናነበው ያው ነው። ኮምፒውተር ግን የሚያነበው ድምፁን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የእኛ ፊደል የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። «ሥ» 4645 ነው፣ «ስ» 4661። «ህ» 4613፣ «ሕ» 4629። ለስልኩ እነዚህ «በ» እና «ተ» የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ።

አሁን እንቁጠር። ሥ ወይም ስ ሁለት ምርጫ፣ ህ፣ ሕ ወይም ኅ ሦስት ምርጫ፤ አንድ የትምህርት ዓይነት በስድስት መልክ ይጻፋል ማለት ነው። «ሆሳዕና» በሳ እና በሣ፣ በዕ እና በእ አራት። «ፀሐይ»ማ ይብሳል፦ ጸ/ፀ ሁለት፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት፤ ሲባዛ 12! ፋይሎቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩም በሠ እና በሰ የሚጀምሩት ጎን ለጎን አይውሉም፤ መሃላቸው የረ ዘር ሁሉ ይገባል።

ከምባትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚያ ትልቁና ትንሹ «ኤ» እንዲሁ የተለያየ ቁጥር አላቸው። ቢሆንም ፍለጋው ሁለቱንም ያገኛል፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው «አንድ አድርገህ ቁጠራቸው» ብሎታልና። ለሠ እና ለሰ እንዲህ ያደረጉ መተግበሪያዎች ጥቂት ናቸው። በአማርኛ ቋንቋ ላይ የሚሠሩ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መለወጥ የተለመደ ሥራቸው ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ (ፀሐይ እንደምትወጣው) ሲሆን «ሰረቀ» ያው ሌባው የሚያደርገው ነው። ለፈተና ማስታወሻ ይሄ ልዩነት ብዙም አያሳስብም፣ በእኔ አስተያየት።

ሌላው ጣጣ ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. መስቀል፣ ከምባታ ውስጥ መሳላ በሚባለው በዓል፣ ያነሳችሁት ፎቶ ብዙ ስልኮች ላይ 20240927 በሚል ቁጥር ተሰይሞ ታገኙታላችሁ። «2017» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው፣ ካለ፣ የ2009 ወይም የ2010 ዓ.ም. ፎቶ ነው። እና ቆይ፣ የጓደኛችሁን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ለስልኩ ሥዕል ብቻ ነው፤ ስም ካልሰጣችሁት በውስጡ ባለው ጽሑፍ አይገኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለየትምህርቱ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ አለመቀያየሩ ነው ዋናው። ቀን ስትጽፉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጉት፤ ወሩን በሁለት አሃዝ፣ 01 እያላችሁ። «1» ብቻ ካላችሁ አንዳንድ ስልክ 10ኛውን ወር ከ2ኛው ያስቀድመዋል። የዘመን አቆጣጠሩም አንድ ይሁን።

የጠፋባችሁን ለማግኘት ደግሞ ሞክሼ የሌለበትን የቃሉን ክፍል ፈልጉ። ያ ልጅ ፋይል ማኔጀሩ ላይ «ይወት» ብሎ ቢጽፍ ስድስቱም አጻጻፎች ይመጡለታል። ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ የሚፈልጉ መተግበሪያዎች ላይ ይሄ አይሠራም፤ እዚያ ስድስቱንም ተራ በተራ መሞከር ነው።