ልጆች ንባብን አስቀድመው በጆሮ ስለ መማራቸው

በአንደኛ ደረጃ ተማሪ መጽሐፍ ላይ «በጉ ይበላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ቢገኝ ትርጓሜው ምንድን ነው? በጉ በመስክ ላይ ሣር ይግጣልን? ወይስ ታርዶ ለበዓል ማዕድ ይቀርባል? የተጻፈው ፊደል አንድ ስለ ሆነ ዓይን ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። «በ»ና «ላ» ላልተው ሲነበቡ በጉ ገና በሕይወቱ ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን ለባለቤቱ ምሳ ሆነ። «ገና አልደረሰም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ና» ላልቶ ሲነበብ የምንጠብቀው እንግዳ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል ቀኑ ሩቅ ነው ማለት ነው። እኛ በዕድሜ የጐለመስነው አንባብያን ይህን ሁሉ ሳንጨነቅ እንለየዋለን። የምንለየውም በወረቀቱ ላይ ምልክት አይተን ሳይሆን፥ ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሮአችን ስለ ሰማነው ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን፥ በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ነገር ይህ ነው። መምህሩ በንባብ ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን ይዞ ድምፁን እያሰማ ለልጆች ማንበቡ ለትምህርቱ እንደ ጌጥ የሚቈጠር ነውን? ወይስ ከትምህርቱ ዋና ሥራ አንዱ ነው? («ዋና» ስንልም በአቃቂ ወንዝ የሚዋኘውን ማለታችን አይደለም፤ ይኸም ያው የማጥበቅና የማላላት ነገር ነው።)

የጉዳዩን ክብደት ለማወቅ አንድ ቍጥር ማስታወስ ይበቃል። በ2002 ዓ. ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ለክፍላቸው ከተሰጠው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ካነበቡት ስለ ተጠየቁት ጥያቄ አንዱንም ያልመለሱት ደግሞ ከመቶው ወደ 48 ይደርሱ ነበር። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቃሉን አውጥተው ያነበቡ፥ ነገር ግን ምን እንዳነበቡ ያላወቁ ልጆች ነበሩ ማለት ነውና። ከዚያ ወዲህ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች እንደ ገና ተዘጋጅተዋል። ሆኖም መጽሐፍ በመታተሙ ብቻ ንባብ በልጅ አፍ ላይ አይበቅልም።

በ1978 ዓ. ም. ጎፍና ተንመር የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የንባብን ነገር በአጭር ስሌት ገልጸውታል። ንባብ ማለት ፊደልን አውጥቶ የማንበብ ችሎታ፥ ሰምቶ በማስተዋል ችሎታ ሲባዛ ነው ይላሉ። ስሌቱ መደመር ሳይሆን ማባዛት ስለ ሆነ፥ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ቢሆን ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ከነዲቃላው ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ፥ የመጽሐፍን ቋንቋ በጆሮው ሰምቶ ካልለመደ ምሉዕ አንባቢ አይሆንም።

የጥንቶቹ የኔታዎች ይህን ስሌት ባያውቁትም ግማሹን ጠብቀው አቆይተውታል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ በቍጥር፥ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ይመላለስ ነበር። የትኛው ቃል ተነሽ፥ የትኛው ወዳቂ፥ የትኛው ተጣይ፥ የትኛው ሰያፍ እንደ ሆነ በብራናው ላይ አልተጻፈም፤ ተማሪው የሚያገኘው ከመምህሩ አፍ ነው። ነገር ግን ጉድለቱንም ሳንሸሽግ እንናገር። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የደገመ ልጅ የግዕዙን ትርጓሜ ሳያውቅ ይቀር ነበር። ያን ጊዜ ድምፁ ነበረ፤ ትርጓሜው ግን ለጥቂቶች ብቻ የተጠበቀ ነበረ። በዛሬው ክፍል ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ይማራል፥ ስለ ትርጓሜውም ይጠየቃል፤ የመምህሩ የጠራ ንባብ ግን እየተረሳ እንዳይሄድ እንሠጋለን።

ለምሳሌ ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንሂድ። ይህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የጅቡቲ ምድር ባቡር ያልፍበት የነበረ፥ የራዲዮ ጣቢያ የተመረቀበት፥ ከዚያም በኋላ ፋብሪካዎች የበዙበት ሠፈር ነው። ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ስለሚኖርበት፥ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሦስት ልጆች ከቤታቸው ሦስት ቋንቋ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አፋን ኦሮሞን በቁቤ የተማረ ልጅ፥ የጠበቀው ድምፅ በሁለት ፊደል ተደርቦ ስለሚጻፍ በዓይኑ ያየዋል። ያው ልጅ ወደ አማርኛው ፊደል ሲመጣ ግን የጠበቀውም የላላውም አንድ መልክ አለው። እናቱ በቤት አማርኛ የማትናገር እንደ ሆነ «ይበላል» የሚለውን ቃል በሁለት ድምፅ የሚያሰማው ማን ነው? መምህሩ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህማ ዛሬም ይሠራበታል፤ መምህሩ ይላል፥ ልጆቹም ይቀበላሉ» ይል ይሆናል። እኛ የምንለው ግን ይህን አይደለም። መምህሩ አንድ ሐረግ ብሎ አምሳ ልጆች በአንድነት ሲያስተጋቡ፥ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ መስኮት መስኮቱን እያየ ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ሊጮህ ይችላል። ጩኸቱ ካበቃ በኋላ ወደ እርሱ ጠጋ ብሎ ከመካከል አንዲት ቃል በጣት እያሳዩ «ይህን አንብብ» ማለት ነው፤ እውነቱ ያን ጊዜ ይገለጣል።

አንብቦ ማሰማት ሌላ ሥራ ነው፤ ዝግጅትም ይፈልጋል። መምህሩ ወይም መምህርቲቱ ምንባቡን በዋዜማው በቤታቸው አንድ ጊዜ ድምፅ አሰምተው ያንብቡት። የሚጠብቁትን ፊደላት በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ትንፋሽ የሚወሰድበትንም ስፍራ ይወስኑ። በክፍል ውስጥ ከባድ የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ብቻ አስቀድመው ይግለጡ፤ ዐሥር ቃል ቢገለጥ ልጁ ታሪኩ ሳይጀመር ይሰለቻል። የመጀመሪያው ንባብ የልጆቹ መጽሐፍ እንደ ተዘጋ ይሁን፤ ዓይናቸው በአንባቢው ፊት ላይ ነው። ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ካልታወቀበት ስፍራ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ቆም ብለው «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ስሕተት ቢሆንም አይቈጡ፤ የተሳሳተም ልጅ ቢሆን ማሰቡን ጀምሯልና። ሁለተኛው ንባብ መጽሐፉ ተገልጦ፥ ልጆቹ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው ያንኑ ምንባብ እርስ በርሳቸው ያንብቡ። ጥያቄውም «የልጁ ስም ማን ነው?» በሚለው ብቻ አይቅር፤ «ልጁ ስለ ምን ዋሸ?» የሚል ይጨመርበት።

ስለ ጊዜው የሚነሣውን ክርክር እናውቀዋለን። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ መጽሐፉም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማለቅ አለበት። ነገር ግን ለዚህ ሥራ አዲስ ክፍለ ጊዜ አንጠይቅም። በአማርኛ ትምህርት ውስጥ ማዳመጥ የራሱ ክፍል አለው፤ የሚነበበውም ጽሑፍ ለመምህሩ በመምሪያው ተዘጋጅቶለታል። ሰዓት ባጠረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታለፈው እርሱ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። የዕለቱን ምንባብ እላይ እንደ ተባለው ማንበብም ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። ይህም ጊዜ ከንባቡ ትምህርት ላይ የተሰረቀ ሳይሆን ራሱ የንባቡ ትምህርት ነው።

የመጻሕፍት እጥረትም ቢሆን ይህን ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል ያሰኛል እንጂ አያስቀረውም። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጐተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተቋቁሟል። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለስድሳ ልጅ አይዳረስም፤ በአንድ ጥሩ አንባቢ ድምፅ ግን ለስድሳውም ይበቃል። ተረት መንገርም መልካም ነው፤ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ሲያደርጉት አይተናል። ይሁን እንጂ ተረት የአፍ ቋንቋ ነው። «ይኸውም» ወይም «ነገር ግን» ብሎ የሚቀጥለውን ረጅሙን የመጽሐፍ ዐረፍተ ነገር ልጅ የሚለምደው ከመጽሐፍ ሲነበብለት ነው።

እናንተም በመሥሪያ ቤት ስትደክሙ ውላችሁ ማታ ጋዜጣችሁን በዝምታ የምታነቡ አባቶችና እናቶች፥ አንዱን አጭር ዓምድ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ፤ ልጁም ከጎናችሁ ተቀምጦ መስመሩን በጣቱ ይከተል። እናንተ ፈጥናችሁ የእርሱ ጣት ከኋላ ቢቀር ጠብቁት። አንድ ቀንም «አባባ፥ ይኸን ቃል እኮ አጥብቀው ነበር ማንበብ የነበረብዎ» ብሎ ያርማችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ጋዜጣውን ለእርሱ ማስረከብ ነው፤ የቀረውን ዓምድ ልጁ ያንብብ፥ አባትየውም ይስማ።