ታንኳ አታፈስም

የጣና ታንኳ ከደንገል ትሠራለች። ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም ተክል ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሣው ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የዘጌ ሰው ማገዶ ጭኖባት ባሕር ዳር ገበያ ይወርዳል፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ከላይዋ ይጥላል። ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከእኛ ሰፈር ከላፍቶ ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሁሉ፣ «ታንኳዋ ታፈስሳለች፤ ቀዛፊው ውሃ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው» ይለኛል። አታፈስም! የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ውሃ ከሞላው አበቃለት። ታንኳን የሚያንሳፍፋት ግን ራሱ ደንገሉ ነው። ዘንጉን በቢላ ብትቆርጡት ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአረንጓዴው ቆዳ ሥር ያለው ነጭ ልብም በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሰውን ከነሸክሙ የሚይዘው ይህ አየር ነው። ውሃው በደንገሉ እስሮች መካከል ቢገባ ቢወጣ ግድ የላትም፤ ቀዛፊውና ዕቃው እንዳይርሱ ውስጧ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብላታል። ዛሬ ቆመው የሚቀዝፉት ሰሌዳም ሆድ የለውም። እሱን «ያፈስሳል» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

ነገሩ በውቅያኖስ ላይ ተፈትኗል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በ1961 ዓ.ም. ከጣና የተቆረጠ ደንገል ግብፅ ድረስ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ ባስመጣቸው ሠሪዎች ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለውን ጀልባ አሠራ። ደንገሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል ያሉት ነበሩ። ግንቦት ላይ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥቶ አትላንቲክ ላይ ወደ ሁለት ወር ተጓዘ። ኋላው ጎብጦ፣ እስሮቹ ተፈትተው ሠራተኞቹ የተዉት የካሪቢያን ደሴቶች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። የጣና ደንገል ያን ያህል ተሸክሟል።

የታንኳ ጠላት ሳይደርቁ መዋል ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ወደ ዳር ተስባ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ባሕር ዳር ያገኘሁት አንድ አዛውንት ሠሪ፣ «ልጄ፣ እሷም እንደ በሬ ማረፍ አለባት» አሉኝ። እንዲህ ተይዛም ዕድሜዋ የወራት ነው፤ ሲያልቅ በአዲስ ደንገል ሌላ ትታሰራለች። ተከራይተው ሲጨርሱ ውሃ ውስጥ ትተዋት የሚሄዱ ወገኖቼ ይህን ልብ ይበሉ። እናንተም የሞተር ጀልባ ነጂዎች፣ ታንኳ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ፤ የምታስነሡት ማዕበል ማገዶውንም ሰውዬውንም ይገለብጣል።

አሁን የሚያሳስበኝ ደንገሉ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለ አረም ዳርቻውን ወርሯል፤ የእርሻ መሬትም ወደ ውሃው እየገፋ ነው። ደንገል የሌለበት ዳር ታንኳ አይሠራበትም።

መቅዘፍ መማር የሚፈልግ ጠዋት ይሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። መሐል ላይ ተቀመጡ፣ ለመቆም አትቸኩሉ፤ መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ አድርጉ። መቀመጫችሁ ቢርስ ለባለቤቱ «ቀዳዳ አላት» አትበሉት።