ከዲማ ቅኔ ቤት ጓዳ

ነገሩ ከእኔና ከእናንተ አይለፍ። ዲማ ጊዮርጊስ የሚመጣ እንግዳ ደጀ ሰላሙን እንኳ ሳይሳለም «የሰብለ ወንጌል ቤት የቱ ጋ ነው?» ይላል። እኛ ደበሎ ለብሰን እዚህ ቅኔ የቆጠርን ሰዎች እንተያያለን። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርይ ናት፣ ልብ ወለድ ነው ብንለው ቅር ይለዋል፤ በእጃችን ወደ አንዱ ጎጆ ብንጠቁመው ኃጢአት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ኃጢአቱን መርጫለሁ።

ስለ ልብ ወለዱ ደራሲ ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ የአደባባዩን ሁሉ ሰምታችኋል፦ በ1902 ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት መወለዳቸውን፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና እዚህ ዲማ መማራቸውን፣ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ጣልያን አገር መታሰራቸውን፣ አምባሳደርነቱን፣ ሚኒስትርነቱን። የጓዳው ወሬ ሌላ ነው፤ ከቅኔ ቤት ምን ይዘው ወጡ?

እዚህ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው፣ ዛፍ ሥር ተጠግቶ ነው። ኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሰሙ ሲያምር ጓደኞቹ ይስቃሉ። ወርቁ ማንን እንደነካ ሲገባቸው ግን የኔታ ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ከ«ይበል!» ትበልጣለች።

ሥልጣንን በብዕር መንካት በሌላም አገር አለ፤ ሕንዶች ካሩናኒዲ የሚባሉ ፖለቲከኛ ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን «ፓራሳክቲ» የተባለ ፊልም የጻፉ፣ የፓርቲያቸውን ሐሳብ በሲኒማ ሕዝብ ጆሮ ያስገቡ፣ በ1969 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር የሆኑ። ከውጭ ጽፈው ወደ ሥልጣን ገቡ። የእኛው ሰው ሥልጣን ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የጻፉት፤ ይህ ይከብዳል።

በሰምና ወርቅ የመጻፍ ልምዱማ ቀድሞም ነበራቸው። በወጣትነታቸው የጻፉት ቴአትር «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» ይባላል። ሰሙ ሠርግ፣ ወርቁ ከኋላ ቀርነት ጋር መቆራኘታችን። ርእሱ ብቻውን ጉባኤ ቃና ይወጣዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲታተም ደራሲው የንጉሡ ባለሥልጣን ነበሩ። ታዲያ የባላባቱን ሥርዓት ከነሥሩ የሚነቅፈውን ቃል በማን አፍ ያስቀምጡት? በገጸ ባሕርያቸው በካሳ ዳምጤ አፍ አስቀመጡት፤ አገሩን ደግሞ «ጉዱ ካሳ» አሰኙት። የእብድን ቃል ማን ይከሳል? ሰሙ እብደት ነው። ወርቁን ለእናንተ አልፈታም፤ ቅኔ ፈትቶ ማጉረስ እዚህ ነውር ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ቢባሉ እንቢ አሉ። እንቢታው ግን ሰምና ወርቅ አልነበረውም።

ልብ ወለዱን በፊልም ማየትስ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማን ፊልም አማረው! ዓይናችንን ጨፍነን የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ከነቁጣቸው እናያቸው ነበር።

እንግዳው ዛሬም ይመጣል፣ የሰብለን ቤት ይጠይቃል። የጉዱ ካሳን ቤት የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።